ራዕያችንን የተከልንበት ቦታ

ግቢው ውስጥ ዛፍ ያልተከለ መሥሪያ ቤት ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ራዕይ ያልተከለ ግን በአገራችን የለም! ካላመናችሁኝ ነገ ጠዋት ወጣ በሉና ያገኛችሁትን የመንግሥት ግቢ ግቡ። ጥበቃው ሳይፈትሻችሁ በፊት ሰሌዳው ይቀበላችኋል… ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች። ከሥሩ አንዲት ፍየል ጥላ ይዛ ተኝታለች። ያንን ሰሌዳ ቆሞ የሚያነብ ሰው በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም ነበር። ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሰሌዳውን ያስተከልኩትም እኔው ነበርኩ።

ሶዶ ውስጥ ስሙ ይቆየንና በአንድ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ አስተምራለሁ። ወንድ ነርስ ስለሆንኩ ሰፈሩ በሙሉ "ዶክተር" ይለኛል፤ እኔም ሰው ላለማስቀየም ብዬ አላርምም! ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤታችን የስትራቴጂክ ዕቅድ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆንኩ። ስብሰባው ላይ አርፍጄ ስገባ ሁሉም አጨበጨበልኝ፤ ለካ ተመርጬ ኖሯል።

አራቱ እሴቶች ከድሮው ዕቅድ በሰላም ተገለበጡ። አምስተኛው ግን አዲስ ነበር፤ አካታችነት። አሥራ አንድ ሰዎች ሁለት ቀን ሙሉ ተከራከርንበት። "ማንንም ሳንተው" ይባል ወይስ "ሁሉንም አቅፈን"? ሻይ ስንጠጣ ታረቅን፣ ከሻይ በኋላ እንደገና ተጣላን። በመጨረሻ ሁለቱም እንዲገቡ ተወሰነ።

በነገራችን ላይ ሲስተር አስቴርን የኮሚቴው አባል ልናደርጋት አስበን ነበር። ሲስተር አስቴር የተግባር መለማመጃ ክፍላችን መምህርት ናት፤ እግሮቿ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለማያግዟት በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ነው የምትንቀሳቀሰው። ስብሰባው ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እንዳትቸገር ብለን፣ አዝነንላት፣ ስለ አካታችነት ያለ እሷ ተወያየን። አትሳቁ! እኔም ያኔ አልሳቅኩም፤ ቃለ ጉባኤው ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ መዝግቤዋለሁ።

የመለማመጃ ክፍሉ በረንዳ አምስት ደረጃ አለው። ሲስተር "ለጎማዬ መውጫ ራምፕ ይሠራልኝ" ብላ ደብዳቤ መጻፍ ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ደብዳቤው ለሚመለከተው ይመራል፤ የሚመለከተውም "አይመለከተኝም" ብሎ ይመልሰዋል። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቿ ተሸክመው ያስገቧታል። ዘንድሮ በስንት ጭንቅ ተሠራላት። ታዲያ ሲሚንቶው ደርቆ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ የምትወጣበት ቀን ዕቅዳችንን የሚገመግሙት እንግዶች ከሚመጡበት ቀን ጋር ገጠመ። ዲናችን በደስታ ሊያብድ ደረሰ።

"ሲስተር ስትወጣ ፎቶ ይነሳ! ማስረጃ ነው! ሰሌዳውም አብሮ ይታይ!" አለኝ።

ሰሌዳው ገና ብየዳ ቤት ነበር። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ በጋሪ አስጭኜ አመጣሁት፤ ሦስት ወፋፍራም የብረት እግሮች አሉት። ግንበኛው ጋሽ ማርቆስ የቦምቤ ሰው ናቸው፤ እሳቸው የተከሉት ነገር ሲነቃነቅ ያየ የለም። እኔ የግቢው በር ላይ ቆሜ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በስልኬ እያየሁ አዛለሁ። "ትንሽ ወደ ግራ… አሁንም… አሁንም… እዚያው!"

ጋሽ ማርቆስ ዶማቸውን ተደግፈው መሬቱን አዩ፤ ራምፑን አዩ፤ እኔን አዩ።

"ዶክተር፣ ይሄ መሃለኛው እግር እዚህ ከገባ… ሲስተር በየት ትወጣለች?"

"ጋሼ፣ እርስዎ ይትከሉ፤ አካታችነቱን ለእኛ ይተዉት። ሁለት ቀን ሙሉ ተሰብስበንበታል!"

"እሺ። ሲሚንቶ ላብዛ?"

"ያብዙ!"

አበዙ።

በማግስቱ ሦስቱ እንግዶች በረንዳው ላይ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ። ተማሪዎቹ ነጭ ጋወናቸውን ለብሰው ግራና ቀኝ ተሰለፉ። ምሳ ቁርጥ ከዳጣ ጋር ታዟል። ሲስተር አስቴር ጎማዎቿን አሳጥባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ጋወኗን ተኩሳ ከች አለች! ጭብጨባው ቀለጠ። እየዘወረች መጥታ ራምፑ አፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

መሃለኛው እግር ልክ በራምፑ አፍ መካከል ተገትሯል። በግራ ሞከረች፤ የኋላ ጎማዋ ያዛት። በቀኝ ሞከረች፤ ያኛው ያዛት። ጭብጨባው እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ሲስተር ቀና ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰሌዳውን ማንበብ ጀመረች፤ ከራዕይ እስከ እሴት… አንድም ሳታስቀር!

"'እሴት አምስት። አካታችነት። ማንንም ሳንተው፣ ሁሉንም አቅፈን፣ በራችንን ለሁሉም ክፍት እናደርጋለን።' መምህር፣ ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ?"

"ኮሚቴው ነው" አልኩ።

"የተከለውስ?"

"ጋሽ ማርቆስ!"

ጋሽ ማርቆስ ከጥግ ሆነው ሳል አሉ። ያቺ ሳል አጥንቴ ድረስ ገባች።

ዲኑ "ይቆረጥ!" ብሎ ጮኸ። ብረት መቁረጫው በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ መብራት ደግሞ የለም። "ይነቀል!" አለ። እኔ ራሴ ኮቴን አውልቄ ሰሌዳውን ታቀፍኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አበው… ሲሮጡ የተከሉት ግን እንዳይመስላችሁ! ከወገቤ "ቋ!" የሚል ድምፅ ወጣ፤ ሰሌዳው ንቅንቅ አላለም።

"ችግር የለም፣ ልጆች፣ ተሸከሟት!" አለ ዲኑ። አራት ተማሪዎች እንደለመዱት ወደፊት ራመድ አሉ። ሲስተር እጇን አነሳች።

"አይሆንም። አራት ዓመት ተሸክመውኛል። በሽተኛን እንዴት በክብር እንደሚይዙ የማስተምራቸው ልጆች ጀርባ ላይ ታዝዬ ነው የምገባው። ዛሬ በራሴ ልገባ ነው የመጣሁት። አልታዘልም!"

አፈርኩ። አሥራ አንድ ሰዎች ሁለት ቀን ሙሉ ያወራንለት ነገር ይኸው ነበር፤ ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ማናችንም አልጻፍናትም።

ከእንግዶቹ ታላቅ የሆኑት ሽበታም ሴት ብድግ አሉ፤ ወንበራቸውን አንስተው ደረጃውን ወረዱ። የቀሩትም ተከተሏቸው። ዲኑም ወንበሩን ተሸክሞ ወረደ፤ ምን ያድርግ! ስብሰባው ከሰሌዳው ጀርባ፣ አቮካዶው ዛፍ ሥር ሆነ።

አሁን የእኔን ጉድ ስሙ። ስላይድ የለ፣ ፕሮጀክተር የለ… ዕቅዱን በቃሌ ላቀርብ ተነሳሁ። "እሴቶቻችን አምስት ናቸው። አንደኛ፣ ልህቀት። ሁለተኛ…" ጠፋኝ! በዚህ እጄ የጻፍኩት! ሰሌዳውን ባይ እሱም ጀርባውን ሰጥቶኛል።

"ርህራሄ" አለችኝ ሲስተር በቀስታ።

"ርህራሄ! ሦስተኛ…"

"ተጠያቂነት።"

እንዲህ እያቀበለችኝ አምስተኛው ላይ ደረስን። ያቺን እንኳ አልረሳኋትም። ሽበታሟ እንግዳ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "የአምስተኛው አፈጻጸም የት ደረሰ?" ሲሉ ሁሉም እኔን አየ፤ እኔ አቮካዶውን አየሁ።

"ያውላችሁ፣ ሦስት እግር አውጥቷል" አለች ሲስተር።

እንግዶቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ግምገማቸው ላይ ግን ቀልድ አልነበረም፦ ሲስተር አስቴር የኮሚቴው አባል ትሁን፤ ስብሰባውም ከፎቅ ይውረድ።

መብራት የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ጋሽ ማርቆስ ብረቱን ከሥሩ ቆርጠው ቦታውን ለሰለስ አድርገው ለሰኑት። ዲኑ የለ፣ ካሜራ የለ። ሲስተር አስቴር እየዘወረች ራምፑን ወጣች፤ ወደ ኋላም አልዞረችም፤ በሩ ውስጥ ስትገባ "ልጆች፣ ጓንት አድርጉ፤ እንጀምር" ስትል ብቻ ተሰማኝ። ጋሽ ማርቆስ "ዶክተር፣ ምን ሆንክ?" አሉኝ። "የብረት ብናኝ ዓይኔ ውስጥ ገባ" አልኳቸው። እናንተም እንደዚያው ያዙልኝ።

እግር አልባው ሰሌዳስ? "ያስተከለው ይረከበው" ተብሎ ቢሮዬ ተላከ። ከውስጥ የበሩን ግማሽ ዘግቶ ተደግፏል። እኔም ላለፉት ሳምንታት በጎኔ ነው የምገባው፤ ሆዴን ስቤ፣ ትንፋሼን ይዤ። ትናንት ግን ከምሳ በኋላ ነበርና ግማሼ ውስጥ ግማሼ ውጭ ሆኖ ተቀረቀርኩ።

ሲስተር አስቴር በኮሪደሩ ስታልፍ አየችኝና ቆመች። እስክትጠግብ አየችኝ።

"ልጆቹን ልጥራ? ይሸከሙሃል" አለችኝ።

"አይ… አልታዘልም" አልኳት፣ በቀረችኝ ትንፋሽ።

"እንግዲያው ደብዳቤ ጻፍ። አሁን እኮ የኮሚቴ አባል ነኝ፤ ለሚመለከተው እመራልሃለሁ።" ጎማዋን ዘወር አድርጋ መንገዷን ቀጠለች። "አይዞህ መምህር፣ አራት ዓመት ምን አላት!"