ክብሩን ለባለቤቱ የሚመልሱት ወይዘሮ

የእኛ ሰው በሰፈረበት ሕንፃ ሁሉ ሊፍት ላይኖር ይችላል፤ «ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን!» የሚል ሰው ግን አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሰው ማመስገን አይቻልም፤ ምስጋናህ ገና ካፍህ ሳይወጣ ወደ ሰማይ ያሻግረዋል። መስደብም አይቻልም፤ ስድቡንም ያሻግረዋል።

እስራኤል አገር፣ ሐይፋ ከተማ፣ ሀዳር ሰፈር ላለው ሕንፃ በዕጣ የደረሱት ክብርት ወይዘሮ ይመኙሻል ነበሩ። ከእሳቸው በላይ ያለው ፎቅ ላይ ባዬ ከሚስቱ ጋር ይኖራል፤ ክርያት አታ ከተማ ፋብሪካ ውሎ የሚገባ፣ ነገር የማያልፈው ሰው ነው። በወይዘሮዋ አንጀቱ እርር ይላል።

አንድ ቀን የአውቶቡስ ሾፌር እያያቸው በሩን ዘግቶባቸው ሄደ። ባዬ በእሳቸው ፈንታ ሲራገም፣ እሳቸው እቴ! እጃቸውን ዘርግተው «ክብር ለሱ ይሁን፤ ይሄ አውቶቡስ አንድ ነገር ሊሆን ነው» አሉ። አውቶቡሱ ነሸር ከተማ በሰላም ደርሶ ተመለሰ። «ታዲያ ምን ሆነ?» ቢላቸው፣ «እኔ ስላልተሳፈርኩ ነዋ የተረፈው!» ብለውት ዐረፉ።

የጎረቤቱ ልጅ የኦሪያን ባር ሚጽቫ፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት የሞላበት በዓል፣ ላይ ደግሞ ዶሮ ወጣቸው ጉድ አሰኘ። «እጅዎ ይባረክ!» ሲባሉ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀሰሩ።

«ሽንኩርቱንም የከተፈው እሱ ነው?» አለ ባዬ ከወዲያ።

«አንተ ደግሞ! እጁን የሰጠኝ ማን ሆነና?»

ጉዱ የታየው ግን ጊዩር ትምህርት ላይ ነው። አያቶቻቸው ቤተ እስራኤል ሆነው፣ እነሱ ግን ጎንደር ክርስትና ተነሥተው ያደጉ ሰዎች፣ እዚህ ሲመጡ ወደ አያቶቻቸው እምነት የሚመለሱበት ትምህርት ነው። መምህርቷ ስታቭ ስታመሰግናቸው ወይዘሮዋ «ባሩክ ሃሼም!»፣ ስሙ ይባረክ፣ ይላሉ። እሰየው። ግን በዚያ አይበቃቸውም፤ «ክብር ለአብ ለወል…» ብለው ይጀምሩና አፋቸውን በነጠላቸው ይይዛሉ። ያኔ ክፍሉ በሙሉ ባንድ ላይ ይስላል። አማርኛ የማታውቀው ስታቭ የሐይፋ እርጥበት አልተስማማቸውም ብላ መስኮት ትዘጋለች።

ከሁሉ አስበልጣ የምትስለው የባዬ ሚስት ያለምዘርፍ ነበረች። በዚህ አገር ከባሏ በቀር የሥጋ ዘመድ የላትም፤ ወይዘሮ ይመኙሻልን እንደ ታላቅ እኅት ነው የያዘቻቸው።

«እሱ ግን ክብር አይበቃውም ወይ?» አላቸው ባዬ አንድ ቀን፣ ነገር ሲፈልግ።

ወይዘሮዋ አልተቆጡም። ልጅ ሳሉ የነፍስ አባታቸው ያስተማሯቸውን ነገሩት። ክብር የሰው ንብረት አይደለም። ሰው መልካም ሲሠራ ፊቱ ላይ የሚያበራው የእሱ ብርሃን ነው፤ ለራሱ ካስቀረው ትዕቢት ሆኖ ይበላሽበታል። በደስታ ቀንማ ማንም ይሰጣል። በመከራ ቀን የሚሰጠው ነው እላይ የሚደርሰው።

«አሁን አይሁድ ሆነንም?»

«ባለቤቱ መቼ ተለወጠ? ሰፈር የቀየርን እኛ ነን።»

ከዚያ የያለምዘርፍ ሳል ትምህርቱ ካለቀም በኋላ አልቆም አለ። መጀመሪያ ሳቁባት። ለካ ሳንባዋ ታሞ ኖሯል። ምርመራው ደኅና ነው ሲባል ወይዘሮዋ «ክብር ለሱ!» አሉ፤ ከፋ ሲባልም «ክብር ለሱ!» አሉ። ባዬ ጥርሱን ነከሰ። ሐኪሙ ከእንግዲህ የምናደርገው የለም ባለ ቀን፣ ባዬ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወይዘሮዋን አስቆማቸው።

«እትዬ፣ ልንገርዎ። በሚስቴ ሞት ላይ ይችን ቃል ከተነፈሱ፣ ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጡ።»

«ቤሰደር» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው።

ያለምዘርፍ ሞተች። ሰባቱ የሐዘን ቀን፣ ሺቭዓው፣ ገባ። ባዬ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀመጠ፤ ፍራሹ የቤተ ዘመድ ነውና ከእሱ በቀር የሚቀመጥበት አልነበረም። በዚህ አገር ወግ ሐዘንተኛው ካልጀመረ ለቅሶ ደራሽ አይናገርም። የእኛ ሰው ደረቱን እየመታ ስለሚገባ ወጉን የሚያከብረው ጥቂት ነው። ወይዘሮ ይመኙሻል ግን በጧት መጥተው ብርጭቆ ያጥባሉ፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ከእንግዶቹ ተርታ ቁጭ ይላሉ። ጸጥ።

ባዬ ያችን ቃል እንደ ጥፊ ጠበቃት። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ተመኝቷታልም፤ ብትመጣ የሚጮኽበት ሰው ያገኝ ነበር። አልመጣችም። በመጨረሻው ቀን እንግዳው ገለል ሲል መቻል አቃተው።

«እትዬ፣ ኧረ በእናትዎ ይናገሩ!»

«ምን ልበል?»

«ያችኑ ነዋ። ይበሉ፣ ፈቅጃለሁ።»

«አልልም።»

«እኔን ፈርተው ከሆነ…»

«አንተን? አንተ ደግሞ ማን ነህና ነው የምፈራህ!» አሉ፤ ወዲያው ድምፃቸው ተሰበረ። «ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ሞክሬው ነበር። እንቢ አለኝ፣ ባዬ። ስንት ዘመን ሳልሰስት ሰጠሁት! ይችን አንዲቷን እንኳ አይተውልኝም? ተቀይሜዋለሁ። ይወቀው!»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው አለቀሱ። ባዬ እስከዚያች ሰዓት ጠብ የሚል እንባ አላወጣም ነበር። ፈጣሪውን የተቀየመ እሱ ብቻ መስሎት፣ ለማንም ሳይተነፍስ ይዞት ቆይቷል። አሁን እንባው ወረደ። እኒህን አሮጊት ለካ ይወዳቸው ኖሯል! ተነሥቶ እጃቸውን ይዞ ጎተታቸውና ፍራሹ ላይ አጠገቡ አስቀመጣቸው።

በሩ ተንኳኳ። የፋብሪካ ባልደረባው አሎን ገባ፤ ጎንበስ ብሎ የባዬን እጅ ሊጨብጥ ሲል ፊታቸውን የሸፈኑትን ሴት አየ።

«ማን ናቸው?» አለ በዕብራይስጥ፣ ቀስ ብሎ።

«የያለምዘርፍ እኅት ናቸው» አለ ባዬ። «መጀመሪያ እሳቸውን አጽናና።»