መርዶ ያልተነገራቸው

ዛሬ ሌሊት በሕልሜ ከተማችን ተገልብጣ አየኋት። ዝናቡ ከመሬት ወደ ሰማይ ይዘንባል። አህያ ጋሪ ላይ ተቀምጣ ባለጋሪውን «ና እንጂ፣ ምን ትልፈሰፈሳለህ!» እያለች ትነዳዋለች። እኔም አልገረመኝም፤ በሕልም ማን ይገረማል? ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ሙታን አልተኛ ብለው ነበር። ጠዋት የቀበርነው ሁሉ ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራው ይመለሳል። ልጄ ዞምቢ ትላቸዋለች፤ ፊልም ላይ እንዳየቻቸው ግን ሰው አይነክሱም። ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ፣ እንዲያውም ከእኛ ይልቅ ሥነ ሥርዓት ያውቃሉ። መለየቱ ያቃተንም ለዚሁ ነው።

የእድራችን ዳኛ አቶ ጥላዬ ስብሰባ ጠሩ። ጅቡም ካባ ደርቦ ከፊት ተቀምጧል።

«እናንተ አትበሏቸውም እንዴ?» አልኩት።

«ሞቱን ያላወቀ ሰው አንበላም፤ ነውር ነው» አለኝ። አፈርኩ።

ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ መለያው ተገኘ። የሰውየውን እግር ትረግጣለህ። በሕይወት ካለ «ኧረ እግሬን! አታይም እንዴ?» ይላል። ከሞተ «ምንም አይደል» ይላል። በቃ፣ ታክሲ ተራ ሄደን ሰው ስንረግጥ አረፈድን። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከሰልፉ ግማሹ «ምንም አይደል» አለን። አቶ ጥላዬ መነጽራቸውን አውልቀው «ጉድ ፈላ! ይህ ሁሉ ሰው መቼ ነው የሞተብን?» አሉ። እኔም ራሴን ጠረጠርኩ፤ ባለፈው ሳምንት አንዱ ረግጦኝ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ።

ማሰናበቻውን ግን እኔ ነኝ ያገኘሁት። እነዚህ ሰዎች የሚንከራተቱት መርዶ ስላልተነገራቸው ነው። ለዘመድ ለወዳጁ ሁሉ እንናገራለን፤ ለሟቹ ለራሱ የሚነግር ማን አለ? እኔ ደግሞ በእድራችን አሥራ ዘጠኝ ዓመት መርዶ ነጋሪ ነኝ። ሥርዓት አለው። ማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ትደርሳለህ። በእጁ የያዘውን ትቀበለዋለህ። ከዚያ ታስቀምጠዋለህ፤ ቆሞ የሰማ ሰው ይወድቃላ። ይህን ለአቶ ጥላዬም ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ።

መጀመሪያ ሽንኩርት ቸርቻሪዋን እትዬ በለጥሻቸውን አስቀመጥኳቸው።

«እትዬ፣ ትንሽ ብሶብዎት ነበር…»

«ሞቼ ነው?»

«አዎ። እግዜር ያጽናዎት።»

«ታዲያ እስካሁን በዚህ ፀሐይ ምን ያስለፋኛል? ቀደም ብላችሁ አትነግሩኝም?» ብለው ነጠላቸውን አነጠፉና ጋደም አሉ። እንዲያ ያለ እረፍት በሕይወት ሳሉ ፊታቸው ላይ አይቼ አላውቅም።

ቤቴ ስደርስ ጣሪያዬ ላይ መዶሻ ይንኳኳል። ቀና ብል ምትኬ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል የተኛው ታናሽ ወንድሜ። የቆርቆሮውን ሚስማር ይነቅላል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ዝናቡ መውጫ የለውም እኮ» አለኝ።

ደስታዬን ምን ልበላችሁ! «ተሻለህ እንዴ?» ብዬ ሮጥኩ። ወርዶ ሲያቅፈኝ ሳላስበው እግሩን ረገጥኩት። ምትኬ ማለት እግሩን የረገጠውን ሰው ከነዘር ማንዘሩ የሚሰድብ ሰው ነው።

«ምንም አይደል፣ ወንድምዓለም» አለኝ።

እግሬን ቀስ ብዬ ከእግሩ ላይ አነሳሁ።

አቶ ጥላዬ ከኋላዬ ቆመዋል። «መኩሪያ፣ ያንተው ነው። ንገረው» አሉኝ። ጅቡም አጥሩ ጥግ አንገቱን አቀርቅሮ ይጠብቃል።

መዶሻውን ከእጁ ተቀበልኩት። እሱንም በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። ከነገርኩት ይተኛል፤ ከዚያ ወዲያ ወንድም የለኝም። ካልነገርኩት ደግሞ እንዲሁ «ምንም አይደል» እያለ ሲንከራተት ይኖራል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንቱን ሰው አስቀምጬ ነግሬያለሁ፣ ስንቱን «በርታ፣ ወንድ ልጅ አይደለህ?» ብያለሁ። ምን ዓይነት ድፍረት እንደነበረ ያኔ ገባኝ።

«ደህና ነህ» አልኩት።

«ድሮም ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል» ብሎ ሳቀ። «ደክሞኛል፣ መኩሪያ። ንገረኝና ልረፍ።»

አፌን ከፈትኩ። መዶሻው እጄ ውስጥ እንዳለ በራሱ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ማለት ጀመረ።

ለካ በሩ ነው የሚንኳኳው። ነግቷል። «ሕልም እልም!» ብዬ አማተብኩ። ተመስገን፣ ምትኬ ሆስፒታል አልጋው ላይ ነው። ዛሬም አጥሚቱን ይዤለት እሄዳለሁ፤ ዛሬም «ውኃ ነው እንዴ ያመጣህልኝ?» ብሎ ይሰድበኛል። እንኳን ሰደበኝ! ሚስቴ ሞልታ ያስቀመጠችውን ፔርሙዝ ብድግ አድርጌ በሩን ከፈትኩ።

አቶ ጥላዬ ናቸው። ከኋላቸው ሦስት የእድር ሰዎች ጫማ ጫማቸውን ያያሉ።

«ደህና አደርክ፣ መኩሪያ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው በማለዳ?»

ፔርሙዙን ቀስ ብለው ከእጄ ተቀበሉኝ። ወንበር ሳቡና፣

«እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በል» አሉኝ።

ወንበሩን ሲያስጠጉልኝ እግሬን ረገጡኝ።

«ምንም አይደል» አልኳቸው።