አለቆቹ የመረቁት ቦኖ
የውሃ በጎ አድራጎት ድርጅት አለቃ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አምስቱን ባንድ ቀን አየሁ፤ ከሮቤ ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌያችን ቦኖ ሊመርቁ ከባሕር ማዶ መጥተው።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ስለሆነ ሰሌዳ ሳላነብ አላልፍም። የቦኖው ሰሌዳ ላይ ፕሬዚዳንት፣ ምክትል፣ ዳይሬክተር፣ የቦርድ ሰብሳቢ፣ አማካሪ ከነስማቸው ተደርድረዋል። የጎደለው ውሃው ብቻ ነው፤ ቧንቧው ገና ከምንጩ ጋር አልተገናኘም።

እንግዶቹ እንዳያፍሩ ተብሎ ሴቶቻችን ጠዋት ከወንዝ ቀድተው የቦኖው ሮቶ ውስጥ ጥቂት ጀሪካን ውሃ ጨመሩ። ጎረቤቴ አዴ ዘይነባም የቀኑን ውሃቸውን፣ አንድ ጀሪካን፣ ገለበጡ። የቀበሌው ሊቀመንበር «ምረቃው ሲያልቅ መልሰው ይቀዳሉ» ብሎ ምሎላቸዋል።

ፕሬዚዳንቱ ቧንቧውን ከፈተ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ አምስቱም በተራ እጃቸውን ታጠቡ፣ ፊታቸውን ረጩ፣ ፎቶው አላማረም ተብሎ ደገሙት። ይህ ሁሉ ሲሆን አዴ ዘይነባ ጀሪካናቸውን ታቅፈው ይቁለጨለጫሉ። ተራቸው ደርሶ ጀሪካኑ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቧንቧው አየር ብቻ ይተፋ ጀመር።

«ምን ተሰማዎት?» አለ ፕሬዚዳንቱ በአስተርጓሚ።

«ገለቶማ፣ ልጄ! ግማሹን መልሳችሁልኛል» አሉ።

አስተርጓሚው «አመሰግናለሁ ብለዋል» ብሎ አሳጠረው። እንደገና ተጨበጨበ። አዴ ዘይነባ የቀረውን ግማሽ ሊሞሉ ወደ ወንዙ ወረዱ።