የጋሼ የባሕር ደብተር

አዲስ አበባ ተቀምጦ ስለ ባሕር ማውራት ደስ ይላል። ማን ያርማችኋል? እኔ ለምሳሌ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ሙቀቱ እንዴት እንደሚለካ ግን አሳምሬ አውቃለሁ። የተማርኩት ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ወረድ ብሎ ባለው ቤታችን፣ ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ መስፍን ነው።

ጋሼ ከአሰብ በሚነሳ የጭነት መርከብ ላይ ይሠራ ነበር። ከሥራው አንዱ የባሕሩን ሙቀት መለካት ነው። ባልዲ በገመድ ይወረውራል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ቴርሞሜትር ይነክርበታል፣ ይጽፋል። በቃ! «ለዚህ ነው እንዴ ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው?» ብዬ ስቄበታለሁ።

ኋላ ባልዲው ቀረና ለሞተሩ ማቀዝቀዣ የሚገባው ውሃ ይለካ ጀመር። ቁጥሩ ወዲያው ከፍ አለ። የመርከቡ ሰዎች ባሕሩ ሞቀ አሉ። ጋሼ ግን ተጠራጣሪ ነው፤ ሚስት ሳያገባ የቀረውም በዚሁ ጠባዩ ነው። «የባልዲው ውሃ ነፋስ ሲመታው ይበርዳል፤ የሞተሩ ክፍል ደግሞ ያሞቀዋል» አለኝ። «ጎን ለጎን ካልለካሽ ባሕሩ ይሙቅ፣ አለካኩ ይለወጥ በምን ታውቂያለሽ?»

እናም ማንም ሳያዘው በየቀኑ ሁለቱንም እየለካ በራሱ ደብተር ይጽፍ ጀመር። ሰባት ዓመት ሙሉ! ልዩነቱን ቀንሶ ሲያየው ባሕሩ እውነትም ቀስ በቀስ እየሞቀ መሰለው። የሌሎች መርከቦች ደብተር ሲጨመርበት ነው እውነቱ የሚታየው ይል ነበር። ለሚያውቁ ሰዎች ሊሰጠው ፈልጎ ለእረፍት ሲመጣ ይዞት መጣ። እኔ «ሞቀ» ስል ግን ይቆጣል። «ሞቀ አይባልም፤ ስንት ሆነ ነው የሚባለው!»

በዚያው እረፍቱ አሰሳ መጣ። የቤት ፍተሻው ሊጀመር ነው ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ወረቀት ያቃጥላል። ጋሼ ጫማውን ሊያሰፋ ወጥቷል። ደብተሩን ገለጥኩት። ቁጥር፣ ሰዓት፣ ፊደል፣ ደግሞ ቁጥር። እንኳን ለአብዮት ጥበቃ ለእኔም የምስጢር ጽሕፈት መሰለኝ። ከሰል እንኳ በሌለበት ምድጃ ውስጥ ከትቼ ለኮስኩት። ሰው ቢመጣ ምግብ እየሠራሁ እንድመስል የሽሮ ውሃ ጣድኩበት። ወንድሜን አዳንኩት ብዬ ደስ አለኝ፣ አያድርስ!

ጋሼ እንደተመለሰ ፈታሾቹ ተከትለውት ገቡ። ከሻንጣው ውስጥ በነሐስ መያዣ የተሸፈነውን ቴርሞሜትር አወጡ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የባሕር ሙቀት የምለካበት ነው።»

«ቦሌ ውስጥ ባሕሩ የታለ?»

ሳቁ። ጋሼም አብሯቸው ሳቀ። «መርከበኛ ነኝ፤ ሥራዬን ላሳያችሁ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ደብተሬን አምጪላቸው።»

ምን ልበል? አቃጠልኩት ብል ለምን አቃጠልሽ ሊባል ነው። የጣድኩትን ውሃ ማማሰል ያዝኩ። ጋሼ ምድጃውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ቴርሞሜትሩንም እሱንም ወሰዷቸው።

አሥራ አንድ ወር ስንቅ አመላለስኩ። ምስክር የሚሆነውን ብቸኛ ነገር በገዛ እጄ አቃጥዬ፣ በዚያው እጄ ሳህን ተሸክሜ እስር ቤቱ ደጃፍ እሰለፍ ነበር። ያን ያህል ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም። ሲፈታ መርከቡ ሌላ ሰው ቀጥሯል። ዛሬ ሬዲዮው የባሕሩ ውሃ እየሞቀ ነው ባለ ቁጥር ተነስቼ እዘጋዋለሁ።

የተፈታ ቀን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ምድጃው አጠገብ ተቀመጠና፣

«የጣድሽው ውሃ ፈላ?» አለኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ወረቀት ምን ያፈላል! ለብ ብሎ ቀረ።»

እጁን ወደ ባዶው ምድጃ ዘረጋ።

«ለብ ስንት ነው?» አለኝ።

ቴርሞሜትሩን እንደሁ አልመለሱለትም።