የማይቆጠሩ ቀፎዎች

«ስንት?» ሳይል የማያድር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በዜና ሥራ ያረጀሁት እኔም ከዚሁ ወገን ነኝ። የበላዬን ያገኘሁት ግን ሰቆጣ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ በሚያከብረው የተማሪዎች የምርምርና የፈጠራ ቀን ላይ ነው። ሰውዬው ገምጋሚ መምህር ነው።

አበባ የምትባል የአበርገሌ ልጅ ስለ አባቷ ንቦች የሠራችውን የመመረቂያ ጥናት አቀረበች። «በርካታ ቀፎዎችን መርምሬያለሁ» ስትል መምህሩ እስክሪብቶውን አነሳ።

«ስንት ናቸው?»

«ብዙ ናቸው፣ መምህር።»

«ብዙ ቁጥር ነው እንዴ? ቁጥሩን ካልነገርሽኝ አላሳልፍሽም!»

አበባ ዞር ብላ ከኋላ የቆሙትን አባቷን አየች። እንግዲህ በዋግ ቀፎ በሰው ፊት ይቆጠራል? የተቆጠረ ንብ ይኮበልላል ይባላል፤ እሷም ላትናገር ለአባቷ ቃል ገብታለች። መምህሩ እስክሪብቶውን ከደነ። የሁለት መንግሥታት ድርድር የፈረሰ ነበር የሚመስለው።

«በሉ፣ ከንቡ ልጄ ትበልጥብኛለች» አሉ አባት። ቀስ ብለው ሄደው በመምህሩ ጆሮ ሹክ አሉት። «የሰማይ የምድር አደራ፣ ለሰው እንዳትነግርብኝ።»

መምህሩ ቅጹ ላይ «ቁጥሩ ተረጋግጧል» ብሎ ጽፎ ፈረመ። አበባ አልፋለች። እዚያው ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች።

እኔ ግን ቁጥር የሌለው ዜና አይዋጥልኝም። መምህሩን በር ላይ ጠብቄ «ለመሆኑ ስንት ናቸው?» አልኩት።

ነውር እንደሠራ ሰው ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ምነው ጋሼ? የሰው ንብ ይቆጠራል እንዴ?»