የግንቡ ቁመት እና ክቡር አቶ ክራነርት

በርሊን ውስጥ አንድ ሕንፃ ሁለት ነገር አያጣም፤ የተበላሸ አሳንሰር እና ሰውን ስለ ፈረሰው ግንብ የሚያርም ጎረቤት። የእኛው ክቡር አቶ ቪላንድ ክራነርት ናቸው፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ።

ባዶ ጠርሙስ በየቀለሙ ለይቼ በርሜሉ ውስጥ ስጥል ከኋላዬ ይደርሳሉ።

“ትናንት በሬዲዮ ግንቡን አራት ሜትር ሲሉ ሰማህ?”

“አልሰማሁም።”

“ሦስት ሜትር ከስልሳ! ርዝመቱ መቶ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር፤ ከተማዋን ለሁለት የከፈለው ግን አርባ ሦስቱ ብቻ። ልብ በል፣ ብቻ!”

ልብ እላለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ልብ ስል ኖሬያለሁ፤ ደክሞኛል። አስጎብኚዎች ከሩቅ ሲያዩአቸው መንገድ ይሻገራሉ። የጥርስ ሐኪማቸው ማደንዘዣውን ቶሎ ትወጋቸዋለች አሉ።

አንድ ሰው ብቻ አልታረመችላቸውም፤ እሳቸው በምሥራቅ ሲቀሩ በምዕራብ ማዶ ቀርታ የነበረችው ታላቅ እህታቸው ጌርሊንደ። በእናታቸው ቀብር ላይ “ግንቡ ሁለት ሜትር ነበር” አለች። ቄሱ እየጸለዩ ሳለ እሳቸው አረሟት። ጌርሊንደ ኮቷን አንስታ ሄደች። ግንቡ ሃያ ስምንት ዓመት ለያያቸው፤ ቁመቱ ደግሞ ሌላ አሥራ አምስት ጨመረበት።

ባለፈው መስከረም ሰማንያ ዓመት ሲሞላቸው ሚስታቸው ሮዝቪታ እህትየዋን ለምና አመጣቻት። እኔም ተጠርቼ ነበር።

“ዛሬ አንድ ቁጥር ብትተነፍስ፣” አለቻቸው በሩ ላይ፣ “ኬኩን ብቻህን ትበላዋለህ። እሷ ደግማ አትመጣም።”

እህትና ወንድም ስለ ጉልበታቸውና ስለ ኪራይ አወሩ። ሁሉም ሰላም ነበር። በመሃል አብሯት የመጣው የጌርሊንደ አማች፣ የሙኒክ ሰው፣ ስለ ጠቡ ምንም የማያውቀው፣ “ለመሆኑ ግንቡ ምን ያህል ከፍ ይል ነበር?” ብሎ ጠየቀ።

ሹካዎች ቆሙ። ሮዝቪታ ዓይኗን ጨፈነች። ክቡር አቶ ክራነርት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“የኋለኛው ግንብ ሌላ ነው። የመጀመሪያው፣ የብሎኬቱ፣ ሁለት ሜትር ገደማ ነበር። በተሠራ በወሩ፣ በስልሳ አንድ መስከረም፣ ጌርሊንደ መሰላል ላይ ወጥታ እጇን ስታውለበልብ ከደረቷ በላይ ትታይ ነበር። ቢጫ ሻርፕ አድርጋ።”

ጌርሊንደ ሳህኗን አስቀመጠች።

“አይተኸኝ ነበር እንዴ?”

“አይቼሻለሁ።”

“ታዲያ እጅህን አታነሳም ነበር፣ አንተ ደንቆሮ? እኮ አንድ ሰዓት ቆሜ!”

“የምሥራቁ ፖሊስ አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበር።”

“ስልሳ ምናምን ዓመት እኮ አላየኝም ስል ኖርኩ!”

“ስልሳ ሦስት፣” አሉ ክቡርነታቸው።

እኔ ነበርኩ መጀመሪያ የሳቅኩት። ከዚያ ጌርሊንደም ሳቀች፤ መሐረብ ፈልጉልኝ እያለች።