የዲዳዋ እንቁራሪት ሊቃውንት

ለእውነት የቆመ የምርምር ክፍል ከእኛ ሌላ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ለማወቅም ጥናት አላስፈለገንም። ነፍሳቸውን ይማርና፣ መምህራችን «ይህች ቡናማ እንቁራሪት ከተፈጥሮዋ ዲዳ ናት» ብለው ካለፉ ወዲህ፣ እኛ ተማሪዎቻቸው በዚያች አንዲት ቃል ላይ ተደላድለን እንኖራለን። የክፍሉ ኃላፊ ስለ ጉሮሮዋ ጽፈው ዶክተር ሆኑ። እኔም «ዝምታ ለእንቁራሪት ኑሮ ያለው ጠቀሜታ» የሚል ጽፌ ዶክተር ተባልኩ። ርዕሱን ባየሁት ቁጥር ዛሬም ደረቴ ይነፋል።

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ሳለን፣ ከግድግዳው ሥር ካለው የእንቁራሪቶቻችን የመስታወት ገንዳ «ቋቅ!» የሚል ነገር ወጣ። በጨዋ ደንብ አንዳችን የሌላችንን ሆድ አየን።

«ምሳ ሰዓት ደርሷል መሰለኝ» አሉ ኃላፊው።

«ኧረ እንቁራሪቷ ናት የጮኸችው!» አለች አዲሷ ተመራማሪ። ገና የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች ናትና ጆሮዋ አልሠለጠነም።

«የኔ ልጅ፣ የጻፍነውን አንብበሻል?» አሏት ኃላፊው።

«አንብቤያለሁ። ግን ጮኸች እኮ!»

«እንግዲያው አላነበብሽም።»

ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴውም ጉዳዩን በጥልቀት ከመረመረ በኋላ፣ ቡናማዋ እንቁራሪት ዲዳ ስለሆነች እንደማትጮኽ፣ የጮኸችው ደግሞ ስለጮኸች ቡናማዋ እንቁራሪት አለመሆኗን አረጋግጦ፣ ሰርጎ ገቧ በአስቸኳይ እንድትወጣ ወሰነ። ባወጣናት ማግስት ሌላዋ ጮኸች። እሷም ወጣች። እንዲህ ስናጠራ ስናጠራ ገንዳው ውስጥ ውሃው ብቻ ቀረ።

ኃላፊው ጆሯቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ቆዩና ፊታቸው በራ።

«ሰማችሁ? ፍጹም ጸጥታ!»

አጨበጨብን። ጭብጨባውን የጀመርኩት እኔ ነኝ።

አሁን የቀረው የልጅቷ ጉዳይ ነው። «ምንም አልሰማሁም» ካላለች ቅጥሯ አይጸናም። ስለ እሷ ልንሰበሰብ ስንል ኮሪደር ላይ ያዘችኝ።

«ዶክተር፣ አጠገቤ ነበሩ እኮ። እርስዎም ሰምተዋል።»

«ብሰማስ?»

«እሱን ብቻ ይበሉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ።»

አልዋሸኋትም፤ ስብሰባው ላይ ነበርኩ። እጄንም አውጥቻለሁ፤ «ትሰናበት» ካሉት ጋር። ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ስታልፍ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አፈርኩ። ወዲያው ግን ሐፍረት ሳይንሳዊ ማስረጃ አለመሆኑ ትዝ አለኝና ተጽናናሁ።

ያባረርናቸውን እንቁራሪቶች የደፋናቸው ከቤቴ ጀርባ ያለው ኩሬ ውስጥ ነው። አመሻሹ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ሰፈሩ በጩኸት ቀለጠ።

«ኧረ እነዚህ እንቁራሪቶች ሊያሳብዱን ነው!» አለች ባለቤቴ፣ መስኮቱን እየዘጋች።

«እነሱ እንኳ ሊሆኑ አይችሉም» አልኳት በሙያዬ እርጋታ፤ «ዲዳ ናቸው።»

«እሺ ዶክተር። ታዲያ ጆሮህ ውስጥ የጎሰጎስከው ጥጥ ምን ይሠራል?»